ዝዩ ዋኘ ወይስ ተንሳፈፈ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪ «ዝዩ በበሬሳ ወንዝ ላይ ተንሳፈፈ» ብሎ ጻፈ። «ዋኘ» ብዬ አርሜ ነጥብ ቀነስኩበት። አባቱ መጥተው «ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?» አሉኝ። የማናችን ነው ትክክል? ደግሞስ ወፍ ውሃ ውስጥ ስትገባ «ጠለቀች» ነው «ሰጠመች»?

መልስ፦ ነጥቡን ይመልሱለት። የልጁ ዓረፍተ ነገር ደህና ነው፤ የእርስዎም ቃል ደህና ነው። ግን አንዱ ለሌላው ምትክ አይሆንም።

«ተንሳፈፈ» እንደ «ተንከባለለ» እና «ተንሸራተተ» በ«ተን» የሚጀምር ግስ ነው። እነዚህ ግሶች አድራጊ ሲመጣባቸው «ተን»ን በ«አን» ይለውጣሉ፦ አንከባለለ፣ አንሸራተተ፣ አንሳፈፈ። «ውሃው ዝዩን አንሳፈፈው» ቢሉ ያስኬዳል። «ውሃው ዝዩን አስዋኘው» የሚል ግን አልሰማሁም፤ ዋና የዋናተኛው የራሱ ሥራ ነውና። ግንድም፣ ቡሽም፣ ጠጅ ተጥሎ ከላይ የሚቀረው ሰፈፍም ይንሳፈፋሉ እንጂ አይዋኙም።

ዝይ ሁለቱንም ያደርጋል። የላባው ጭረቶች በጥቃቅን መንጠቆዎች ስለሚቆላለፉ ከሥራቸው አየር ይዘው ይቆያሉ። ጅራቱ ሥር ካለች ዕጢ በምንቃሩ ቅባት እየወሰደ ላባውን ይቀባል። በዚያ ላይ ከሳንባው ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶች አሉት። ስለዚህ አንገቱን ጀርባው ላይ አስተኝቶ፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ቢያንቀላፋ እንኳ ከላይ ይቀራል። ያኔ «ዋኘ» ያለ ሰው ተሳስቷል።

መሄድ ሲፈልግ እግሩን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጣቶቹ ይዘረጋሉ፣ በመካከላቸው ያለው ቆዳም ይወጠራል። ወደ ፊት ሲመልሰው ጣቶቹ ይሰበሰባሉ፤ ውሃው ብዙም አይይዘውም። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሥር ነው። ወንዙ ዳር የቆመ ልጅ የሚያየው ደረቱን ብቻ ስለሆነ «ተንሳፈፈ» ማለቱ አይገርምም። እኔ ብሆን ከሁለቱም «ቀዘፈ»ን እመርጣለሁ፤ «ዝዩ በእግሩ እየቀዘፈ ወንዙን ተሻገረ» የሚለው የእግሩን ሥራ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የጀልባ ብቻ አድርገን የተውነው ያለ ምክንያት ነው።

መንዝ ጓሳ ላይ ለሚታየው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ለሚኖረው ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ ግን ሌላ ግስ ያስፈልጋል። መዋኘት ይችላል፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሣር በሚግጥበት መስክ ላይ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ፦ ወፏ ወዳ ከገባች «ጠለቀች» ነው። አንዳንድ ጠላቂ ወፎች ላባቸውን ወደ ሰውነታቸው ጫን አድርገው አየሩን ካስወጡ በኋላ ይጠልቃሉ፤ ዓሣ ይዘውም ብቅ ይላሉ። ፀሐይም ትጠልቃለች እንጂ አትሰጥምም። «ሰጠመ» ሳይወድ ለገባ ነው። የፈሰሰ ነዳጅ ላባዋን ሲያጣብቀው መንጠቆው ይላቀቃል፣ አየሩ ይወጣል፣ ውሃው ቆዳዋ ድረስ ይዘልቃል። መንሳፈፍ አቅቷት ወደ ታች ስትወርድ «ሰጠመች» ይበሉ።