ኮንዶሙ አልተቀደደም፣ ፍርሃቱ ግን አልለቀኝም ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ያነበብኩት ሌሊት ነው፤ ሳልመልስልሽ መተኛት አልቻልኩም። ከሸዋ ሮቢት ነው የጻፍሽው። ከ16 ቀን በፊት ከጓደኛሽ ጋር በኮንዶም ግንኙነት አድርጋችኋል፤ አልተቀደደም፣ አልወለቀም። ልብሽ አላርፍ ሲልሽ በማግስቱ ፖስትፒል (ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ) ወሰድሽ። በ10ኛው ቀን በሽንት ተመርምረሽ አንድ መስመር ብቻ፣ እርግዝና የለም የሚለው፣ ወጣ። አሁን የወር አበባሽ 4 ቀን ዘግይቷል፣ ጡትሽን ያምሻል፣ ምግብ አስጠልቶሻል፤ «አርግዤ ይሆን?» ትያለሽ።

ይህ ጭንቀት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ደብረ ብርሃን 3ኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ ጠባሴ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር ደርሶብኛል። ኮንዶሙን ራሴ ውሃ ሞልቼ አይቼዋለሁ፤ አንዲት ጠብታ አልወጣውም። ሲነጋ ግን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ሻጩ ሰው በቆመበት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለራስሽ ነው?» አለኝ። «ለእህቴ ነው» ብዬ ዋሸሁ። እንዴት እንደሚወሰድ እንኳን ሳልጠይቅ ወጣሁ። ከሳምንት በኋላ ሌላ ግንኙነት ሳላደርግ «ምናልባት አልሠራልኝ ይሆናል» ብዬ ደግሜ ወሰድኩት። በ4ኛው፣ በ6ኛውና በ9ኛው ቀን ከተከራዮች ጋር በምንጋራው ሽንት ቤት ተደብቄ ተመረመርኩ። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር፤ የምበላውም ከቁጥር አይገባም። የወር አበባዬ 2 ሳምንት ቀረ። በቀረ ቁጥር ፍርሃቴ ባሰ።

ለፋሲካ ወደ መሐል ሜዳ ስወጣ ጣርማ በር ላይ ብርዱ ሳይሆን የእናቴ ፊት ነበር የሚያንቀጠቅጠኝ። የጎረቤታችን ልጅ አርግዛ ስትመጣ እናቴ «አንገታቸውን አስደፋቻቸው» ስትል ሰምቻለሁ፤ ያቺ ቃል ከዓመታት በኋላም ጆሮዬ ውስጥ ነበረች። ዛሬ ሳስበው የፈራሁት ማርገዝን ብቻ አልነበረም። አንቺም «ቤተሰቤ ቢሰማ እሞታለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። ኮንዶሙ አለመቀደዱን በዓይንሽ አይተሽ ልብሽ እንዳያምን ያደረገው እሱ ይመስለኛል።

ያዳነችኝ አክስቴ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነች፤ መክሳቴን አይታ ለብቻዬ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። አልተቆጣችም። ያስረዳችኝን እንዳለ ልንገርሽ።

ፖስትፒል የሚሠራው እንቁላል ከሚመረትበት ቦታ ቶሎ እንዳይወጣ በማዘግየት ነው። እንቁላሉ ሲዘገይ የወር አበባሽም ይዘገያል፤ አንዳንዷ ላይ ደግሞ ቀድሞ ይመጣል። የሳምንት ያህል መዛባት የተለመደ ነው። ማቅለሽለሹም፣ የጡት ሕመሙም፣ ድካሙም ከመድኃኒቱ ሊመጣ ይችላል፤ ጭንቀትና አለመብላትም የወር አበባን ያዘገያሉ። ስለዚህ በስልክሽ የእርግዝና ምልክት መቁጠሩን ተዪው፤ የመድኃኒቱም የእርግዝናውም የወር አበባሽ ሊመጣ ሲልም ምልክቱ አንድ ነው። መድኃኒቱ የሚወሰደው ከግንኙነቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፤ በተወሰደ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ይደገማል። ካለፈ በኋላ በፍርሃት መድገም እንደ እኔ ወርሽን ከማዛባት በቀር ምንም አይሠራልሽም።

የ10ኛው ቀን ምርመራሽ ደግሞ ፈጥኗል። ምርመራው የሚያየውን ሆርሞን ሰውነት ማመንጨት የሚጀምረው ጽንሱ ማኅጸን ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ነው፤ እሱ ብቻውን ከ6 እስከ 12 ቀን ይፈጃል። ከግንኙነቱ 21 ቀን ሲሞላ የሚወጣው ውጤት ግን የሚታመን ነው። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንትሽን ተጠቀሚ፣ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ አንብቢ፤ ከሰዓታት በኋላ ደብዘዝ ያለ መስመር ቢታይሽ አትቁጠሪው።

ስለ ኮንዶሙ፦ በዓመት ውስጥ ሁልጊዜም በትክክል ከሚጠቀሙ 100 ሴቶች የሚያረግዙት 2 ያህል ናቸው፤ አንዳንዴ የሚረሱት፣ መሐል ላይ የሚያጠልቁት ሁሉ ሲጨመሩ 13 ይደርሳሉ። ይህ የአንድ ዓመት ቁጥር ነው እንጂ የአንድ ሌሊት አይደለም። እናንተ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አድርጋችሁት ሳይቀደድ ከወጣ የእርግዝናው ዕድል እጅግ ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ፓኬቱ ካለ ተመልከቺ። የማለቂያው ዓመት የፈረንጆች ነው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ 2024 የሚለውን አይታ «ገና ስንት ዓመት አለው» ብላ ነበር፤ በእኛ እኮ ቢዘገይ ታኅሣሥ 2017 ላይ ያበቃል። የመመርመሪያውና የፖስትፒሉም እንደዚሁ ነው። እናንተ ዘንድ ደግሞ ሙቀት አለ፤ ኪስ ቦርሳ ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ የከረመ ኮንዶም ይደክማል። ቫዝሊንና ቅባትም ላስቲኩን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክሙታል።

የእኔ የወር አበባ በዳግም ትንሣኤ ማግስት መጣ፤ እናቴ ቡና ስታፈላ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በዚያው ሳምንት አክስቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝና ክንድ ላይ የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ አስገባሁ፤ አልከፈልኩም፣ የመንግሥት ጤና ተቋማት የቤተሰብ ምጣኔ በነፃ ነው የሚሰጡት። ኮንዶሙንም አልተውኩትም፤ ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው እሱ ነው።

ሰኞ 21 ቀን ይሞላሻል። እስከዚያ አትመርመሪ፣ ብዪ፣ ለአንዲት የምታምኛት ሰው ተናገሪ። በአንድ ጎን የበረታ የሆድ ሕመም ወይም ያልተለመደ ደም ካየሽ ግን ሰኞን ሳትጠብቂ ሐኪም ቤት ሂጂ። ሰኞ ጠዋት አንድ መስመር ከሆነ እመኚው፤ የወር አበባሽ ከዚያም ካልመጣ ጤና ጣቢያ አሳዪው። ሁለት መስመር ከሆነ ደግሞ እርግዝና አለ ማለት ነውና በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ሰው የሚሰጥሽን ሥራሥር እንዳትጠጪ፣ ለምኜሻለሁ። ያየሽውን እዚሁ ጻፊልኝ፤ ሰኞ ከማለዳ ጀምሬ እጠብቅሻለሁ።