የጤና ጥያቄዎቻችሁ፦ የእግር ማቃጠልና ቫይታሚን ቢ5

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ዓመት ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ የውስጥ እግሬን ሌሊት እያቃጠለ እንቅልፍ ይነሳኛል። አንድ ወዳጄ የቫይታሚን ቢ5 እጥረት ነው ስላሉኝ በቀን 500 ሚሊግራም መዋጥ ጀምሬአለሁ፤ ሽበትንም ያጠፋል ብለውኛል። ቫይታሚኑ በእርግጥ ምን ይሠራል? መጠኑ ቢበዛስ ይጎዳል?

መልስ፦ የወዳጅዎ ሐሳብ መነሻ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእስያ የጦር ምርኮኞች ካምፖች ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተራቡ እስረኞች እግራቸውን ክፉኛ ያቃጥላቸውና ያደነዝዛቸው ነበር፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ቢ5፣ በሌላ ስሙ ፓንቶቴኒክ አሲድ፣ ሲሰጣቸው ሕመሙ ቀሎላቸዋል። ይሁን እንጂ እነዚያ ሰዎች ሌሎች ብዙ ንጥረ ምግቦችንም አጥተው ነበር። በቂ ምግብ በሚያገኝ ሰው ላይ የቢ5 እጥረት እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይታይም፤ ምክንያቱም ቫይታሚኑ በጉበት፣ በዶሮ ሥጋ፣ በእንቁላል አስኳል፣ በወተት፣ በእንጉዳይ፣ በአቮካዶ፣ በጥራጥሬና ገለባው ባልተለየ እህል፣ በጥቅሉ በአብዛኛው ምግብ ውስጥ፣ በተለያየ መጠን ይገኛል።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ሰውነታችን ከዚህ ቫይታሚን ኮኤንዛይም ኤ የተባለውን ውሁድ ይሠራል። ይህንን ውሁድ ያገኘው ፍሪትዝ ሊፕማን በ1953 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያለዚህ ውሁድ ከስኳርም ሆነ ከስብ የሚገባንን ኃይል ማግኘት፣ ኮሌስትሮልንና ከእርሱ የሚሠሩትን ሆርሞኖች ማዘጋጀት፣ ነርቮች መልእክት የሚያስተላልፉበትን አሴቲልኮሊንን መሥራት አይቻልም።

ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው መጠን 5 ሚሊግራም፣ ለነፍሰ ጡር 6፣ ለምታጠባ እናት 7 ሚሊግራም ነው። እርስዎ የሚወስዱት ከዚህ መቶ እጥፍ ነው። ትርፉ በሽንት ስለሚወገድ መርዛማ ሆኖ አልተገኘም፤ በቀን 10 ግራም ያህል ሲወሰድ ግን ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። የሽበቱ ነገር የመጣው ቫይታሚኑን በተነፈጉ አይጦች ላይ ጥቁሩ ፀጉር በመንጣቱ ነው፤ የሰውን ሽበት እንደሚመልስ አልተረጋገጠም።

ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ በኪኒኑ ተስፋ አድርገው ምርመራውን እንዳያዘገዩ ነው። በእርስዎ ዕድሜ እግርን የሚያቃጥል ሕመም ሲመጣ አስቀድመው የሚጠረጠሩት የስኳር በሽታ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ለረጅም ጊዜ አልኮል አብዝቶ መጠጣት ናቸው፤ የኩላሊትና የታይሮይድ ችግርም ሊሆን ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊያንሰው እንደሚችልም ይወቁ። የኪኒኑን ማሸጊያ ደግሞ በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ቢ5 ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች የቢ ቫይታሚኖች ጋር የተቀላቀለ ከሆነ በውስጡ ያለው ቢ6 ከፍተኛ ሊሆን ይችላል፤ ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ራሱ ነርቭን ይጎዳል፤ የእግር ማቃጠልንም ያስከትላል።

ስለዚህ ማሸጊያውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ የደም ስኳርና የቢ12 ምርመራ እንዲደረግልዎትም ይጠይቁ። እግርዎ ላይ ሳይሰማዎት የወጣ ቁስል ካገኙ፣ ወይም ማቃጠሉ ወደ ላይ እየወጣ እግርዎ መድከም ከጀመረ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይታዩ።