ስለ ባለሟልነት ለጠየቀኝ ወጣት

ልጄ፣ «አለቃዬ ይወደኛል፤ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገኛል?» ብለህ የላክህልኝን ጥያቄ ሳነብ፣ አብሮኝ ታሪክ ያስተምር የነበረ አንድ ብሩህ ወዳጄ ትዝ አለኝ። በአንድ ባለሥልጣን ሞገስ ከፍ ብሎ፣ ያ ሰው ፊት ሲነሳው መግቢያ አጥቶ፣ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ስለ እንግሊዛዊው መስፍን፣ ስለ ኤሴክሱ ኧርል ስለ ሮበርት ዴቨሩ፣ ከዚህ ወዳጄ ጋር ቁጭ ብለን ሳንጫወት መቅረታችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዴቨሩ የእንግሊዝ ንግሥት የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የረጅም ጊዜ ባለሟል የነበረው የሌስተሩ ኧርል የእንጀራ ልጅ ነበርና ደጅ ጥናት አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1587፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ የቤተ መንግሥቱ ባልደራስ ሆነ፤ በ1596 የስፔንን ወደብ ካዲዝን ከያዙት አዛዦች አንዱ ሆኖ ሲመለስ ደግሞ የለንደን ሕዝብ ጀግናዬ አለው። በዚያው ዓመት ወዳጁ፣ የሕግ ሰውና ፈላስፋው ፍራንሲስ ቤከን፣ ንግሥቲቱ ሠራዊትና ሕዝብ የሚከተለውን ሰው እንደምትፈራ አስረድቶ፣ የጦር ዝናውን ትቶ የሲቪል ሹመት እንዲፈልግ በደብዳቤ መከረው። አልሰማውም። በ1598 በአንድ የምክክር ስብሰባ ላይ ተቆጥቶ ጀርባውን ሲሰጣት ንግሥቲቱ ጆሮ ግንዱን አለችው፤ እርሱም እጁን ወደ ሰይፉ ሰደደ።

በ1599 ከ16,000 በላይ ጦር ይዞ የአየርላንድን ዓመፅ ሊያበርድ ዘመተ። ክረምቱ ሲወጣ ግን ከዓመፀኛው መሪ ከሂዩ ኦኒል ጋር በአንድ የወንዝ መሻገሪያ ላይ፣ ኦኒል ፈረሱን እስከ ሆዱ ውኃ ውስጥ አግብቶ፣ ምስክር በሌለበት ተነጋገሩና ተኩስ አቆሙ። ከዚያም ሳይፈቀድለት ወደ እንግሊዝ ጋለበና ሴፕቴምበር 28 ጠዋት ነንሰች ቤተ መንግሥት ደረሰ፤ ጭቃውን እንኳ ሳያራግፍ ንግሥቲቱ መኝታ ክፍል ዘው አለ። የ66 ዓመቷ ኤልሳቤጥ ገና መነሣቷ ነበር፤ አልለበሰችም፣ ጠጉሯም አልተበጠረም። በለዘብታ አነጋገረችው፤ ማታውን ግን ከክፍሉ እንዳይወጣ ታዘዘ።

እኔን ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ የወይን ጠጁ ጉዳይ ነው። ዴቨሩ ዕዳውን የሚያስታግሠው ከውጭ በሚገባ ጣፋጭ ወይን ላይ ቀረጥ የመሰብሰብ መብት ስለተሰጠው ነበር፤ በ1600 የመብቱ ዘመን ሲያበቃ ኤልሳቤጥ አላድስም አለች፣ ኑሮው በአንዲት ሴት እጅ ተንጠልጥሎ እንደነበረ ያን ጊዜ ታየ። ፌብሩዋሪ 8፣ 1601 ሕዝቡን ለዓመፅ ሊያነሣ ተከታዮቹን አሰልፎ ለንደን ገባ፤ ያ ይወደው የነበረ ሕዝብ ግን በሩን ዘግቶ ተመለከተው። ለፍርድ ቀርቦ ተፈረደበትና በ17ኛው ቀን፣ በ35 ዓመቱ፣ በለንደን ግንብ አንገቱ ተቀላ።

የዛሬ ወጣቶች ከትልልቅ ሰዎች ጋር ፎቶ ተነሥታችሁ መለጠፍን እንደ ሥራ ልምድ ስትቆጥሩት ማየት አያስደስተኝም። እኔም ብሆን የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት አንድ ደግ ሰው ስለተናገረልኝ ነውና ደጋፊ አትፈልግ አልልህም። አለቃህ ነገ ቢዛወር በስምህ የሚቀር ሙያ ግን ይኑርህ።

ቤከን ከሃዲ ነበር ወይ ብለህም ጠይቀኸኛል። ዴቨሩ ርስት የሰጠው ሰው ነበር፤ በችሎቱ ላይ ግን ከከሳሾቹ ጋር ቆሞ ወነጀለው። ክህደት ነው እላለሁ፤ የ1596ቱን ደብዳቤ ባነበብሁ ቁጥር ግን ፍርዴ ይላላል።