ካባውን መልስ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ ቡናዬን ይዤ እንደተቀመጥኩ አንድ ልጅ አጠገቤ መጣ። የድሮ ተማሪዬ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ ያጠናል። ስልኩን ወደ እኔ ዘርግቶ፣ «ጋሼ፣ ቸርችል እውነት ባቡር ውስጥ ገብቶ ሕዝቡን ጠይቋል እንዴ?» አለኝ።

አልጠየቀም። መልሱ ይኸው ነው። ጥያቄው ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ለእሱ ብቻ ነግሬው ከማልፍ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ስለ እንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ቸርችል የተሠራውን «ዳርከስት አወር» የተሰኘ ፊልም ያየ ያስታውሰዋል። ዘመኑ በእኛ ግንቦት 1932 ነው። የሂትለር ጦር ፈረንሳይን እያጥለቀለቀ ነው። የእንግሊዝ ጦር ደንከርክ ላይ ባሕር ከኋላ፣ ጠላት ከፊት ሆኖበታል። ቸርችል ሥልጣን ከያዘ ገና ወር አልሞላውም። ግራ ሲገባው ከመኪናው ወርዶ የምድር ውስጥ ባቡር ይሳፈራል። ግንበኛውን ይጠይቃል፣ ሕፃን የታቀፈችውን እናት ይጠይቃል። እጅ እንስጥ? በፍጹም! ይሉታል። አንድ ጥቁር ወጣት ደግሞ እሱ የጀመረውን ግጥም ይጨርስለታል። ቸርችል ያለቅሳል። እኔም አልቅሻለሁ፣ ምን ይደረግ። ቸርችልን ሆኖ የተጫወተው ጋሪ ኦልድማን ኦስካሩን በከንቱ አልወሰደም።

ግን ያ ባቡር ከነተሳፋሪው ፈጠራ ነው። ነገሩ የተቆረጠው በር ዘግተው ቀናት በተከራከሩ አምስት የጦር ካቢኔ አባላት ነው። በኋላም ቸርችል የቀሩትን ሚኒስትሮች ሰብስቦ አሳመነ። የባቡር ተሳፋሪ የጠየቀ የለም። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መሪዎቹ የተሸከሙትን ውሳኔ ፊልሙ ለሕዝቡ አሸከመው።

ከባቡሩ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሊፋክስ የሰላሙን መንገድ በማን በኩል እንሞክር አለ? በሙሶሊኒ! ሙሶሊኒ አስታራቂ ሽማግሌ! ይኸው ሃሊፋክስ እ.ኤ.አ. በ1938 ጄኔቭ ላይ፣ ጃንሆይ እዚያው ተቀምጠው እየሰሙ፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን አገሮች ቢያውቁላት ይሻላል ብሎ የተናገረ ሰው ነው። ለንደን ያለ ተመልካች ይህን ላያስታውስ ይችላል። ደሴ ያለ ተመልካች ግን እንዴት ይረሳል?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

1969 ዓ.ም. ነው። የሃያ አራት ዓመት ወጣት መምህር ነበርኩ። ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተመልሼ ደሴ ተመድቤያለሁ። ለበዓል የሚቀርብ ቴአትር አዘጋጅ ተባልኩ። እኔም ጃንሆይን ደሴ ላይ አሳየሁ። ጦርነቱን ሊመሩ መጥተው እዚሁ ከተማችን ሰፍረው ነበርና፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች የመጡበትን ጠዋት መረጥኩ።

ካባውን የሰፋልኝ ሸዋ በር በረንዳ ላይ ሲንጀር መኪና የዘረጋ አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ስድሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሰው። ጥቁር ከፋይ ከየት እንዳገኘ አላውቅም። ጠርዙን በቢጫ ክር ጠለፈው። ያኔ ክር ራሱ ውድ ነበር። ዋጋውን ስጠይቀው፣ «ለልጆች ቴአትር ሂሳብ አልቀበልም። ቦታ ብቻ ያዝልኝ» አለኝ። ከፊት ሁለተኛው ረድፍ አስቀመጥኩት።

አውሮፕላኑን በበርሜል ነበር ያስጮህነው። ጩኸቱ ሲሰማ የእኔ ጃንሆይ ካባቸውን እየጎተቱ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እግራቸው ብቻ ውጭ ቀርቶ ይንቀጠቀጣል። ያንን እግር እኔ ነኝ የፈጠርኩት። በጣም ኮርቼበት ነበር።

በነጋታው ጠዋት ሰውዬው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ካባውን መልስ» አለኝ።

«ምነው አባባ?»

«እኔ ያን ቀን ልጅ ነበርኩ። ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል ሳይቀር ሲደበደብ አይቻለሁ። እሳቸው ግን መትረየሱ ላይ ቁጭ ብለው ይተኩሱ ነበር።»

እንደሚወዳቸው መሰለኝ። «አድኃሪ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ፦ «በድርቁ እህቴን ከሦስት ልጆቿ ጋር ቀብሬያለሁ። እኔ ስከሳቸው በዚያ ነው የምከሳቸው። አንተ ባልሠሩት ስትከሳቸው የእኔን ክስ አበላሸህብኝ።»

ዝም አልኩ። የሚያሳፍረው እኮ ስለማላውቅ አልነበረም። ጃንሆይ መሣሪያው ላይ ሆነው፣ ደግሞም ያልፈነዳ ቦምብ ላይ እግራቸውን አሳርፈው የተነሱትን ፎቶ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ታሪክ አስተማሪ ነኝ! ግን ሳቁ ጣመኝ።

ጊዜው እንደዚያ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ጃንሆይ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ ደርግ የእንግሊዙን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የረሃብ ፊልም በቴሌቪዥን አስተላልፏል። በመሃል በመሃሉ ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲያበሉ ይታያሉ። እኛ ደሴ በወሬ ነው የሰማነው። ረሃቡ እውነት ነው። ውሾቹም እውነት ናቸው። ፍርዱን የሰጠው ግን ሁለቱን ቆርጦ የቀጠለው መቀስ ነው። መቀስ እንዲህ መሥራት ከቻለ የእኔ ጠረጴዛ ምን አለበት ብዬ ነበር። ተራ ሰበብ ነው። ጠረጴዛውን አስገባ ብሎ ያዘዘኝ አንድም ሰው የለም።

የወሎ ሰው መሪን የሚመዝነው በረሃብ ነው። ስለዚህ ቸርችልንም እንደዚያ አየዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1943 ቤንጋል ውስጥ እስከ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሰው በረሃብ አለቀ። የቸርችል መንግሥት እህል ለመላክ ዳተኛ ሆነ ተብሎ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። ፊልሙ ግንቦት 1932 ላይ ስለሚያበቃ እዚያ አይደርስም። መብቱ ነው። ፊልም አንድ ወር መርጦ ማሳየት ይችላል። ፈጠራም ያስፈልገዋል። ቅድም ባቡሩን እንደዚያ ያጣጣልኩት እኔው ነኝ፣ አውቃለሁ። ባቡሩ ባይኖር ኖሮ ግን ያ ልጅ መቼ ይጠይቀኝ ነበር?

አንብቡ፣ መርምሩ የሚለውን ሌላው ይምከራችሁ። እናንተ ወጣቶች ፊልምን በእጥፍ ፍጥነት እያያችሁ፣ የቀረውን ደግሞ በቲክቶክ ቁራጭ የምትጨርሱ ናችሁ። ይህ ያናድደኛል። ያም ሆኖ ልጁ የጃንሆይን የመትረየስ ፎቶ በአንድ ደቂቃ ስልኩ ላይ አወጣልኝ። እኔ በእሱ ዕድሜ እያወቅኩ ደበቅኩት። ከመካከላችሁ ስለ ደሴው ጠዋት ፊልም የሚሠራ ቢመጣ መትረየሱን አያስቀር። እህትየዋንም ከልጆቿ ጋር አያስቀር። ሁለቱን አንድ ላይ ማስገባት ከባድ ነው። እኔ አልሞከርኩትም።

ካባውን መለስኩለት። ቴአትሩ ግን በሳምንቱ ለሁለተኛ ጊዜ ቀረበ። ጃንሆይን የቢሮ መጋረጃ አለበስኳቸው። ጠረጴዛውን አልተውኩትም። አሁንም ተሳቀ።

ልብስ ሰፊው ጋ ሄጄ ያንን ጠዋት ከሥር ከመሠረቱ ንገረኝ ማለት እችል ነበር። ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ዛሬ ነገ ስል እኔ ተዛወርኩ፣ እሱም ሞተ።

ከመዛወሬ በፊት፣ ክረምት ሲገባ፣ አራዳ አንዲት ሕፃን ጥቁር የከፋይ ኮት ለብሳ አየሁ። የልጅ ልጁ ናት። ካባው ተፈትቶ ተሰፍቶላታል። ቢጫው ጥልፍ እጅጌዋ ጫፍ ላይ ዞሯል። ጭቃ እንዳይነካው እጇን ወደ ላይ አንስታ ነበር የምትራመደው። መንገድ ተሻግሬ አለፍኩ።