ቺኑክ፦ ነፋሱ፣ ዓሣው፣ ሄሊኮፕተሩ

ጥያቄ (ከካልጋሪ፣ ካናዳ)፦ እዚህ በብርዱ መሀል ሞቃት ነፋስ ድንገት ይነሣና በረዶውን ጠራርጎ ይሄዳል። «ቺኑክ» ይሉታል። ትርጉሙ «በረዶ በሊታ» ነው የሚባለው እውነት ነው? ሙቀቱስ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ «በረዶ በሊታ» የነፋሱ ቅጽል ነው እንጂ የቃሉ ፍቺ አይደለም። ቺኑክ በኮሎምቢያ ወንዝ አፍ፣ በዛሬዎቹ ዋሺንግተንና ኦሪገን የሚኖር ነባር ሕዝብ ነው። የቆዳ ነጋዴዎች ከእነሱ አገር በኩል የሚመጣውን ነፋስ በስማቸው ጠሩት፤ ስሙም ተራራ ተሻግሮ ወደ እናንተ ደረሰ።

ሙቀቱን የሚሠራው ተራራው ነው። ከፓስፊክ የመጣ እርጥብ አየር ሽቅብ ሲወጣ በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱ ዝናብና በረዶ ሲሆን ሙቀት ስለሚለቅ ቅዝቃዜው ይለዝባል። ማዶ ቁልቁል ሲወርድ ግን ደርቋልና በየ1000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ይሞቃል። ያስሉት፦ ባሕር ዳር 5 ዲግሪ የነበረ አየር 3000 ሜትር ሲወጣ −13 ይሆናል፤ 2000 ሜትር ወርዶ ካልጋሪ ሲገባ 7 ዲግሪ ነው። ከተነሣበት በ1000 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ግን ሞቆ! እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1943 በስፒርፊሽ፣ ደቡብ ዳኮታ፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከ−20 ወደ 7 ዲግሪ ዘሏል። ነፋሱ ሲቆም ብርዱ በ27 ደቂቃ ተመለሰ።

የሚጎዳውም ይሄው መመለሱ ነው። ቀን የቀለጠው ውኃ ማታ መስተዋት ይሆናል። ስለዚህ ውኃ ሳለ ከደጃፍዎ ጠርገው ያውርዱት። ተራ ጨው ከ−10 በታች እምብዛም አይሠራም፤ አሸዋ ይበትኑ።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ «ኪንግ» እና «ቺኑክ» የሚባሉት ሳልሞኖች ይለያያሉ? እንደ ቁርጥ ጥሬውን ቢበላስ?

መልስ፦ አንድ ዓሣ ናቸው። የሚያሳስተው ኮሆ የተባለው ሌላ ሳልሞን ነው። አፉን ከፍተው ድዱን ይዩ፦ ቺኑክ ጥርሱ ሥር ጥቁር ነው፣ ኮሆ ነጣ ይላል። ጅራቱንም ዘርግተው ቢያዩ፣ ነጠብጣቡ ከላይም ከታችም ካለ ቺኑክ ነው፤ ከላይ ብቻ ከሆነ ኮሆ። ጭንቅላትና ጅራቱ ተቆርጦ ከቀረበ ግን ሻጩን ከማመን ሌላ አማራጭ የለም።

ጥሬውንስ? እንደ በሬው ሁሉ ዓሣውም የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ ሎሚና ሚጥሚጣ አይገድሉትም። በ−20 ዲግሪ 7 ቀን መቆየት አለበት፤ ብዙ የቤት ማቀዝቀዣ ደግሞ እዚያ አይደርስም። በቴርሞሜትር እየለኩ መሀሉ 63 ዲግሪ እስኪገባ ማብሰል ይሻላል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ቺኑክ ሄሊኮፕተር ጅራቱ ላይ ትንሿ ሮተር (ተሽከርካሪ ማራገቢያ) የለችውም። ታዲያ ለምን ራሱን አያዞርም? ስሙስ?

መልስ፦ አንድ ሮተር ሲዞር አካሉን በተቃራኒው ሊያዞር ይታገላል፤ የጅራቷ ሥራ ያንን መግታት ነው። ቺኑክ ከፊትና ከኋላ፣ 18 ሜትር ያህል ስፋትና ሦስት ሦስት ክንፍ ያላቸው ሁለት ሮተሮች አሉት፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ አካሉን የማዞር ጉልበታቸው እርስ በርስ ይጠፋፋል። ሞተሮቹም ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ሁለቱንም ሮተር ያዞራል። ችግሩ የሮተሮቹ ክብ መደራረቡ ነው፤ ክንፎቹ የማይጋጩት በካምቢዮና በሻፍት ስለተያያዙ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1986 በስኮትላንድ ሼትላንድ ደሴቶች አጠገብ የአንድ ሲቪል ቺኑክ የፊት ካምቢዮ ባለ ጥርስ ቀለበት ተሰበረ፤ ክንፎቹ ተጋጩ፣ ከ47ቱ ሰዎች 45ቱ ሞቱ።

ስሙ፣ የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተሮቹን በነባር ሕዝቦች ስም የመሰየም ልማድ ስላለው ነው፤ አፓቺም እንዲሁ። ሕዝቡ ራሱ ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. በ1851 የተፈራረመውን ውል የአሜሪካ ሴኔት አላጸደቀም። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 የፌዴራል ዕውቅና ተሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 ተነጠቀ። ሄሊኮፕተሩ ግን በስሙ እየበረረ ነው።