ቃሉን በጀቱ ውስጥ ፈልጉት

ሰሞኑን ከወጣቶች የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «የከተማችን ምክር ቤት በዚህ ዓመት ሙሉ በሙሉ ወደ ታዳሽ ኃይል እንገባለን ብሎ ወስኗል፤ ደስ ይበለን ወይስ እንጠራጠር?» ትሉኛላችሁ። ደስ ይበላችሁ። እንዲህ ያለ ውሳኔ እስኪወሰን ስንት ሰው ስንት ዓመት እንደሚለፋ ስላየሁ፣ ገና ከመነሻው «ወሬ ነው» የሚለውን ሰው አልወደውም። ግን በማግስቱ አንድ ሰነድ ፈልጋችሁ አንብቡ። የከተማውን በጀት።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በኤሌክትሪክ መሐንዲስነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ለማዘጋጃ ቤቶች። ከተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን አንድ የትምህርት ቤት ጣሪያ ነው። እዚያ ሶላር ሲተከል ዲዛይኑን ከሠሩት አንዱ ነበርኩ። ምረቃው ላይ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተጨባበጥን፣ ሄድን። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ እስቲ ልየው ብዬ ወጣሁ። ፓነሎቹን አቧራ ጋግሮባቸዋል፤ ዳር ዳሩን የወፍ ኩስ ደርቆበታል። ወርጄ ከደረጃው ሥር ያለችውን ጠባብ ክፍል ሳስከፍት ኢንቨርተሩ (የፓነሎቹን ኃይል ለመብራትና ለዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ጥበቃው «እሱማ ካምና ክረምት ጀምሮ እንደዚሁ ነው» አለኝ። ፈትሼ ሳየው የተቃጠለው ኃይል ድንገት ሲጨምር መሣሪያውን የሚከላከለው ዕቃ ነው፤ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነገር። ለእሱ መግዣ የሚሆን ገንዘብ በማንም በጀት ውስጥ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ «የማዘጋጃ ቤቱ ነው» ይላል፣ ማዘጋጃ ቤቱ «አስረክበናል» ይላል። እኔስ? ዲዛይኑን ሳስረክብ ስለ ጥገና አንድ ገጽ እንኳ አልጻፍኩም። የጠየቀኝ አልነበረም፤ ሳልጠየቅ መጻፍ ግን ነበረብኝ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንላለን። ዕዳ ከሆነ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ይህን በደንብ የገባት ከተማ የኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2017 በጀት ጀምሮ የምታወጣውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የምትለቀውን በካይ ጋዝም በበጀት ታስራለች። አንድ እርምጃ ስንት ቶን ይቀንሳል፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፣ ስንት ብር ተይዞለታል፤ ሁሉም ከገንዘቡ በጀት ጋር አብሮ ይቀርባል። ደግሞ ሥራውን የሚመራው የፋይናንስ ክፍሉ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ብዙ ጊዜ መለመን ይበዛበታል፤ የፋይናንስ ክፍል ግን ስልክ ሲደውል ሁሉም ያነሣል።

እና እናንተ ሒሳቡን ልመዱት። የግድ መሐንዲስ መሆን የለባችሁም። ኪሎዋትን ከኪሎዋት ሰዓት መለየት ብቻ እንኳ ስብሰባ ላይ ብዙ ያሳያችኋል። ኪሎዋት የቧንቧው ስፋት ነው በሉት፤ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ ባልዲው ውስጥ የገባው ውሃ። 100 ኪሎዋት ሶላር ተተከለ ሲባል ቀኑን ሙሉ 24 ሰዓት በሙሉ አቅሙ ቢሠራ 2,400 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጥ ነበር። ግን ሌሊት አለ፣ ደመና አለ፣ አቧራ አለ። ፀሐይ እንደልብ በሚገኝበት ቦታ እንኳ በቀን 400 ወይም 500 ቢሰጥ ጥሩ ነው። ስለዚህ ሪፖርት ላይ የተተከለውን ብቻ አትመልከቱ፤ ቆጣሪው ያነበበውን ጠይቁ። ያ የትምህርት ቤት ጣሪያ ሪፖርት ላይ ለሁለት ዓመት ሙሉ «የተተከለ» ነበር።

«መቶ በመቶ» የሚለውንም ጠጋ ብላችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ የዓመት ሒሳብ ነው። ከተማው በዓመት የሚጠቀመውን ያህል ታዳሽ ኃይል ገዝቷል ማለት ነው እንጂ ነፋስ በሌለበት ሌሊት የሚበራው መብራት ሁሉ ከነፋስ የመጣ ነው ማለት አይደለም። ውሸት ነው አላልኩም። ግን መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። ደግሞ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው ወይስ መኪናውም፣ ማሞቂያውም፣ ማብሰያውም ይጨምራል? ብዙ ከተማ ኤሌክትሪክን ብቻና ኃይልን በሙሉ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል።

ውሉም እንዲሁ። አሜሪካ ውስጥ በቴክሳስ ጆርጅታውን የምትባል ከተማ አለች። በራሷ የመብራት ድርጅት በኩል ለረጅም ዓመታት የነፋስና የፀሐይ ኃይል ለመግዛት ተዋዋለች። ሐሳቡ መልካም ነበር፣ የጋዝ ዋጋ ወጣ ወረደ ሲል ሕዝቡ እንዳይጎዳ። ግን ከሚያስፈልጋት በላይ ገዝታ ኖሮ የገበያው ዋጋ ሲወርድ የተረፋትን ኃይል በኪሳራ ሸጠች፤ ጉዳቱም እስከ ነዋሪው የመብራት ክፍያ ድረስ ደረሰ። ታዳሽ ኃይል አያዋጣም ለማለት ይህን ታሪክ የሚጠቅስ ሰው ያጋጥማችኋል። አትስሙት። እዚያ የሳተው የፍላጎት ግምቱና ውሉ ነው እንጂ ነፋሱ ምን አደረገ?

ዒላማውን ያልመታ ከተማ ላይም ለመፍረድ አትቸኩሉ። ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ2025 የካርቦን ልቀቷን ቀንሼ፣ የቀረውንም በሌላ መንገድ አካክሼ ሒሳቡን ዜሮ አደርጋለሁ ብላ ነበር፤ በ2022 ደግሞ አልደርስም ብላ ራሷ አወጀች። የቀረውን ክፍተት ይሞላል የተባለው ቆሻሻ እያቃጠለ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ጣቢያዋ የሚወጣውን ካርቦን ወደ አየር ሳይገባ ይዞ ማስቀረት ነበር፤ ለእሱ የታሰበው የመንግሥት ድጋፍ አልተገኘም። ሦስት ዓመት ቀድሞ «አልደርስም» ማለት ግን ቀላል አይደለም። እንዲያ ለማለት በየዓመቱ ሲቆጥሩ መክረም ይጠይቃል። ሳይቆጥር ደረስኩ የሚል ከተማ ይበልጥ ያስፈራኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በጎ ሥራ ሁሉ ፎቶ ላይ አያምርም። የማዘጋጃ ቤት የመብራት ሒሳብ ስታገላብጡ ብዙውን የሚበሉት የመንገድ መብራትና የውሃ ፓምፕ ሆነው ታገኛላችሁ። አሮጌውን የመንገድ መብራት በኤልኢዲ መቀየር ፍጆታውን በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። የሚያፈስ የውሃ መስመር መድፈን ደግሞ ፓምፑ በከንቱ የሚገፋውን ውሃ ያስቀራል፤ ያ ማለት ኤሌክትሪክ ነው። ለዚህ ሪባን የሚቆርጥ አይመጣም። ምርጫው የእኔ ቢሆን ከሶላሩ በፊት በዚህ እጀምራለሁ፤ ያልባከነው ኃይል መተከልም መጠረግም አያስፈልገውምና።

ፖለቲካውንም አትሽሹት። የስዊድኗ ቬክሾ ከተማ ምክር ቤት ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ነፃ እንሆናለን ብሎ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ያኔ ብዙ ሰው ስለ ጉዳዩ እንኳ አያወራም ነበር። ውሳኔው በሁሉም ፓርቲዎች ድምፅ ነው ያለፈው። ስለዚህ ተመራጭ ሲቀያየር አብሮ አልተቀየረም፤ ከደን ሥራ የሚተርፈውን እንጨት እያነደዱ ከተማውን ማሞቅ ቀጠሉ። በአንድ ድምፅ ብልጫ ካለፈ የሚያምር ውሳኔ፣ ሁሉም የተስማሙበት ለስለስ ያለ ውሳኔ ይሻለኛል። ይህን ስል የማይስማሙ ጓደኞች አሉኝ፤ እነሱ ጊዜ የለንም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ጊዜ የለንም። ግን በየምርጫው ከዜሮ መጀመር ከዚህም ይበልጥ ጊዜ ይፈጃል።

ምክር ቤት ስትሄዱ ከንቲባውን ብቻ አትፈልጉ። የበጀት ባለሙያውን ፈልጉ፣ መሰላል ተሸክሞ የሚሄደውን ቴክኒሻን ፈልጉ። ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። «ይህን የሚጠግነው ማን ነው? ስንት ተይዞለታል? ቆጣሪውን ማን ያነባል?» በሉ። በትሕትና ጠይቁ፣ መልስ ካላገኛችሁ በሚቀጥለው ወር ተመለሱ።

ያ ትምህርት ቤት መጨረሻው ምን ሆነ ለምትሉኝ፣ ዕቃው ተገዛ፤ ግዢው አራት ወር ፈጀ። ፓነሎቹን አንድ ቅዳሜ ከተማሪዎቹ ጋር በባልዲና በጨርቅ አጠብናቸው። ጥበቃው ደግሞ ማንም ሳያዘው ደብተር ገዝቶ አርብ አርብ የቆጣሪውን ቁጥር መጻፍ ጀመረ። ባለፈው ስሄድ አሳየኝ። ሦስተኛ ደብተሩ ላይ ደርሷል፤ ቁጥሩ በወረደበት ሳምንት ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ «አቧራ» ብሎ ጽፎበታል።