«ርግቧ የት ትቀረጽ?»

ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር የጻፈልኝ አንባቢ፦ «ዩቲዩብ ላይ የመሳቢያ ማዕዘን ሲያያይዙ ‹ዳቭቴል› ይላሉ። የርግብ ጅራት ማለት ነው አሉኝ። ለአናጢዬ በአማርኛ ምን ልበለው?»

ወንድሜ፣ እኔ የሠራሁትን አትሥራ። አንድ ጊዜ ዓባይ ማዶ አንድ አናጢ ጋ ሄጄ «መሳቢያው የርግብ ጅራት ይሁንልኝ» አልኩት። እርሳሱን ከጆሮው አወረደና «ርግቧ የት ትቀረጽ?» አለኝ። ቀልዱን አልነበረም። ወረቀት ላይ ሥዬ ሳሳየው ነው «እ! እንደ ጥርስ የሚነካከሰው!» ብሎ የሳቀው። ስለዚህ ወፏን ተዋትና ቅርጹን ንገረው፦ ጫፉ ሰፊ፣ ሥሩ ጠበብ ያለ ጥርስ። ጥርሱ የሚወጣው ከጎን ጣውላ ላይ ነው። እንዲህ ከሆነ መሳቢያውን ስትስብ ፊቱ ተነቅሎ እጅህ ላይ አይቀርም። ሚስማር ግን ቀስ በቀስ ይላላል።

አስጎብኚ ነኝ ያለችው ደግሞ፦ «እንግዶቼ ሁሉ ርግብ ነው የሚሉት?»

የለም እህቴ፣ ርግብ የእንግሊዝኛው ነው። ጀርመኑም፣ ጣሊያኑም፣ ሩሲያዊውም ጨረባ ይሉታል፤ ከጣሪያ ሥር በጭቃ ጎጆ የምትሠራዋን፣ ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለውን። ፈረንሳዩም እንደዚያው ነው፤ ግን «አሮንድ» የሚለው የጥንት ስሟን ነው። ዛሬ ወፏን «ኢሮንዴል» ይላታል፤ አሮጌው ስም አናጢዎች ዘንድ ቀረ። ለእስፓኙ የጭልፊት ጅራት ነው። ፊንላንዶች ወፉን ትተው ወደ ውኃ ወርደዋል፤ የሳልሞን ጅራት ይሉታል። ጃፓኖች ጅራቱንም ጣሉትና «አሪ» አሉት፣ ጉንዳን። የጉንዳንን ሰፊ ጭንቅላትና ቀጭን አንገት አስቢው፣ ልክ ናቸው! ጣና ዳር ቢሰየም የዓሣ ጅራት ይባል ነበር ባይ ነኝ። የቀረሶ ግን አይሆንም፣ ጅራቱ አልተከፈለም።

«በቺፑድ ይሠራል?»

አይሠራም። ቺፑድ ፍርፋሪ እንጨትና ኮላ ነው፤ ጥርሱ ገና ሲቆረጥ ይረግፋል። ዋንዛ ይሁንልህ። የጥርሱ ዘንበል ማለትም ልክ አለው፦ ለለስላሳ እንጨት 1 ለ 6፣ ለጠንካራ 1 ለ 8 ነው የተለመደው። ማለትም 6 ሴንቲሜትር ሲሄድ 1 ሴንቲሜትር ያዘነብላል። ከዚያ በላይ ከተንጋደደ የጥርሱ ጫፍ ይሰበራል።

«ክረምት ሲገባ መሳቢያዬ አልከፈት ይላል። ጥርሱ ነው?»

ጥርሱ ምን አደረገ! እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በጎኑ ያብጣል፣ በቁመቱ ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሐምሌ ላይ በመላጊያ ከላጥከው ጥር ላይ እንደ ከበሮ ይንኳኳል። ለጊዜው ጠርዙን ሻማ ቀባው።

«የዋንዛ ጠረጴዛዬ ተሰነጠቀ።»

ስንጥቁ ላይ ቢራቢሮ አስገጥም። ሁለት የርግብ ጅራት ወገብ ለወገብ የተጣበቁ የሚመስል ትንሽ እንጨት ነው። ስንጥቁን አቋርጦ በመሮ በተቆፈረ ቦታ በኮላ ይገባል። ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሄድ ይይዘዋል። የቢራቢሮው የእንጨት ቃጫ መሥመር ስንጥቁን ያቋርጥ፤ አብሮ ከሄደ ራሱ ወገቡ ላይ ይሰበራል።

ከዘጌ፦ «የደንገል ታንኳስ?»

ጥርስም ሚስማርም የለበትም። በገመድ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል።